ተቀምጣ ሳለች ቀሪ

የልጅ ልጄ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለች «ቀሪ» ተብላ ተጽፋለች። በስህተት አንድ ቀን ቢሆን ዝም ባልኩ። ደጋግሞ ነው። ደብተሯን ዘርግታ፣ እስክሪብቶዋን ጨብጣ፣ መምህሩ ዓይን ሥር ቁጭ ብላ ሳለች ነው የለችም የተባለችው። ይህን ይዤ አቤት ስል ደግሞ የተማሩ ሰዎች መክረው ያገኙት መላ የተሰደበችውን መሸፈን ሆነ። የሰደቡትን ማንም አልጠራቸውም። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይኸው ነው።

እናቷ ዐረብ አገር የሄደችው ልጅቱ ገና በቅጡ መናገር ሳትጀምር ነው። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እኔን «እማ» ትለኛለች፣ እናቷን በስልክ «ማሚ» ትላታለች፤ ሁለታችንንም ቅር ብሎን አያውቅም። የምንኖረው ሐይቅ ከተማ፣ ከደጃፍ ቆም ሲሉ ውሃው ከሚታይበት ሰፈር ነው። አሳ ጠብሼ እሸጣለሁ። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፉት ሚኒባሶች ቆም የሚሉበት መንገድ ዳር ነው ቦታዬ። ሾፌሮቹ ያውቁኛል፤ ተሳፋሪው ሳይወርድ ገና በመስኮት «እማማ፣ ትኩስ አለ?» ይሉኛል።

የተወለድኩት ግን እዚህ አይደለም። አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ካለው ገደላማ አገር። እዚያ ቤትና ቤት በዓይን ይቀራረባል፣ በእግር ግን ግማሽ ቀን ነው። እናቴ ከወዲያኛው ጥግ ሆና ስትጣራ ከወዲህኛው «ወዬ!» ማለት ግዴታችን ነበር። ሥራ ይዤ ነበር፣ አልሰማሁም ነበር ማለት አይሠራም። «ወዬ ያላለ ሰው ገደል ገብቷል ማለት ነው» ትል ነበር። ቀልዷን አልነበረም፤ ዝም ካልናት ነጠላዋን አሸርጣ፣ ጎረቤት አስከትላ ፍለጋ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዱላ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔም ልጄንም የልጅ ልጄንም ያሳደግኋቸው በዚሁ ነው። «አቤት» የቢሮ ነው፣ ለዳኛና ለሹም የሚባል ነው። እኛ ቤት ወዬ ነው። ይቺ ልጅ ደግሞ ለወዬ የተፈጠረች ነበረች። ሸንበቆው መሐል ገብታ ስትጫወት ከደጄ ሆኜ ስሟን ስጠራ «ወዬዬ እማ!» የምትለው ድምፅ በውሃው ላይ ተንሸራቶ ወዲያ ማዶ ይደርሳል። ታንኳ ላይ ያሉት አስጋሪዎች «እማማ፣ የልጅዎ ወዬ አሳውን አስበረገገብን እኮ» ይሉኛል። እኔም «እናንተ መረባችሁን ጣሉ፣ ልጄን ተዉ» እላቸዋለሁ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሊሆናት ሲል ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ ጠጉር ብቅ አለ። እኔ ሳየው ደስ ነው ያለኝ። የቤታችን ምልክት ነው። እናቴም ነበራት፣ እኔም አለኝ፤ አሁን ሽበት ገብቶበት ነው እንጂ ቁርጥ ያለ ጢም ነበር። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ገበያ ስንሄድ ሁልጊዜ እኔን ያስቀድመኝ ነበር። «አንቺ ቅደሚና ጢምሽን አሳያቸው፣ ዋጋ ይቀንሳሉ» ይለኛል። አፍሬበት አላውቅም። ሰው በዚህ ያፍራል ብዬም አላሰብኩም።

ነገሩ የጀመረው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ስለ አሳ ሲያስተምር «ጢም ያለው አሳ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐይቅ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። አንዱ ከኋላ «አምባዛ!» አለ። ሌላው ደግሞ በጣቱ ወደ ልጄ እያመለከተ «ቲቸር፣ እዚህም አንድ አለች» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁን ለመዋጥ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ከራሷ አፍ ነው፤ የመምህሩን መዞር ስትነግረኝ ድምፅዋ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ቀጠነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ አምባዛ ሆነ። በር ላይ ስትደርስ «አምባዛ መጣች፣ መረብ አምጡ!» ይላሉ። «አምባዛ፣ አያትሽ ዛሬ በስህተት እንዳትጠብስሽ!» ይላሉ። ስም ሲጠራ ደግሞ እሷ፣ እኔ ያሳደግኋት አይደለች፣ እንደ ሌላው «አቤት» አትልም፤ «ወዬ» ነው የምትለው። ከኋላ የተቀመጡት «ወዬዬ፣ ብልቅልቅ፣ ብልቅልቅ» እያሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ አሳ ይሆናሉ። መጀመሪያ ድምፅዋን ቀነሰች። ቀጥላ በሹክሹክታ አለችው። ከዚያ ተወችው።

እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ቤት ውስጥ ስጠራት መልስ ማጣቴን ነው። «ጆሮሽን ምን ነካው?» እላታለሁ። እንደ ጥላ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች፤ ወዬ ግን የለም። ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ ኩራት ጀምሯታል አልኩ።

አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ከገበያ ስመለስ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ተኮራምታ አገኘኋት። ሻሿን በአፏ ላይ ጥርቅም አድርጋ ይዛዋለች፣ ሻሹ ደም ነው። ጥፍር የምቆርጥበት ምላጭ እግሯ ሥር ወድቋል።

«ማን ነካሽ?» አልኳት።

«ማንም።»

«ምላጭ በራሱ አይሄድም።»

እጇን ቀስ አድርጌ አነሣሁት። ከንፈሯ ላይ ቆርጣዋለች፤ ደሙ ይብዛ እንጂ ጥልቅ አልነበረም። አጥቤ ማር ቀባሁላት። ማሩ ወደ ምላሷ ሲወርድ እያለቀሰች ላሰችው። አሁንም ልጅ ናት እኮ አልኩ በልቤ።

«እማ፣ አምባዛ ነው የሚሉኝ» አለችኝ በመጨረሻ። ሁሉንም ያን ጊዜ ነገረችኝ።

አምባዛን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጢማም ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ጥቁርና ለስላሳ ነው። እኛ እንበላዋለን። ክርስቲያን ደንበኞቼ ግን ቅርፊት የሌለው አሳ አይበሉም፤ ስለዚህ ለእነሱ ቅርፊት ያለውን ቆሮሶ ለብቻ በሌላ መጥበሻ ነው የምጠብሰው። ሰው ሲጠራጠር «አብሽር፣ አምባዛ አይደለም፣ ብላ» እላለሁ። ይህን ዓመቱን ሙሉ እጮኻለሁ፤ እሷም ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቤ ቆማ ሳህን ታቀርባለች። «አምባዛ አይደለም» የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ምን ይሰማት እንደነበር ያን ዕለት ነው የገባኝ።

ላጽናናት ፈለግሁ። «አምባዛ እኮ ብርቱ አሳ ነው» አልኳት። «ቆሮሶ ከውሃ ከወጣ ምን ያህል ይቆያል? አምባዛን ግን ሣር ላይ ብትጥይው አየሩን እየሳበ ይኖራል። ጭቃውን እየተሳበ ተመልሶ ውሃው የሚገባም አለ። አስጋሪዎቹን ጠይቂ።»

ማር የተቀባውን ከንፈሯን ይዛ አየችኝ።

«እማ» አለችኝ፣ «እኔ አሳ አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ ምሳሌ አልነገርኳትም።

እናቷ በኢሞ ስትደውል ቁስሉን አየችው። ነገሩን ስትሰማ «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ይህ ምን ችግር አለው» አለቻት። «እኔም እኮ በክር አነሣዋለሁ። እዚህ ሁሉም ሴት ያነሣል። ስመጣ አነሣልሻለሁ፤ እስከዚያ ቅባት እልክልሻለሁ።» ለመልካም ብላ ነው። ልጅቱ ግን ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ስትወጣ ፊቷን አየሁት። እናቷ ፊት ላይ የሌለበትን ምክንያት አሁን ነው ያወቀችው፤ እናቷም ትደብቀዋለች ማለት ነው።

ቁስሉ እንደዳነ «ወላጅ አምጪ» ተባለች። ነጠላዬን አድርጌ ሄድኩ። ዩኒት ሊደሩ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

«እናቴ፣ ልጅዎ ትምህርት ቤት አትመጣም» አለኝ። «በጣም ቀርታለች። እንዲህ ከቀጠለች ፈተና አትቀመጥም።»

«እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት በበሩ እስክትገባ ቆሜ አያታለሁ። ከገባች በኋላ በየት ትወጣለች?»

ልጅቱ አጠገቤ ቆማለች፣ መሬት መሬት ታያለች። የክፍል ኃላፊዋ ተጠራ። እሱም ሲመጣ አየት አደረጋትና «ኧረ ይቺማ ትመጣለች» አለ።

«ታዲያ ለምን ቀሪ አልካት?»

«ስትጠራ አትመልስም። ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ቀሪ ነው፣ እናቴ። ሕጉ ነው።»

«ዓይን የለህም?»

«ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ነው። የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ ከጠራሁ መቼ አስተምራለሁ?»

ለምን እንደማትመልስ ነገርኳቸው። የሚሏትን ነገርኳቸው፤ ሳይንስ ክፍል ውስጥ የሆነውንም ነገርኳቸው። ልጅቱ እጄን ትጎትተኛለች፣ እኔ አላቆምም። ዩኒት ሊደሩ እያዘነ ነው የሰማኝ። «ልጆች ናቸው፣ ይቀልዳሉ» አለ። «እንቅጣቸው ብንል ይብስባቸዋል።» ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አገላበጠና አንድ ማስክ አወጣ፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ነው። ለልጄ ዘረጋላት።

«አብሽሪ» አላት። «ይቺን አድርጊ። ማንም አያይሽም፣ ማንም አይሰድብሽም።»

አብሽሪ የእኛ የወሎዎች ቃል ነው። ሰው ሲያዝን፣ ሲወድቅ፣ ሲከስር አብሽር እንላለን፤ ቀና በል ማለታችን ነው። ቀና በል ተብሎ ፊትህን ሸፍን ሲባል ያን ቀን ነው የሰማሁት። ልጄም ማስኩን ተቀበለች። በሁለት እጇ ነው የተቀበለችው፣ እንደ ስጦታ።

«ቆይ» አልኩት፣ «ጥፋቱ የማን ነው?»

«እናቴ፣ ዋናው እንድትማር ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ጥፋቱ የማን ነው?»

«ይታያል» አለኝ።

ይታያል የሚለው መልስ አልነበረምና በማግሥቱ ሄድኩ። «ታየ?» አልኩት። በሳምንቱም ሄድኩ። ዘበኛው ለመደኝና ከጥላው ሥር ድንጋይ አመቻቸልኝ። «እማማ፣ ዛሬም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሊጠይቁ ነው?» ይለኛል። «አዎ፣ ዛሬም» እለዋለሁ። ዩኒት ሊደሩ ከሩቅ ሲያየኝ ሌላ በር ፈልጎ ይወጣል። ልጄ ደግሞ ማስኳን አድርጋ፣ አላየችኝም ለመባል አንገቷን ቀብራ ታልፈኛለች።

ማስኩ አንድ ነው። ማታ ማታ አጥባ ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ትሰቅለዋለች፣ ጠዋት እርጥቡን ታደርገዋለች። ቤት ውስጥም አታወልቀውም ነበር። ስትበላ ከታች በኩል ገለጥ አድርጋ ጉርሻውን ታስገባና መልሳ ትሸፍነዋለች። አብረን ማዕድ ቀርበን ዓይኗን ብቻ እያየሁ መብላት ጀመርኩ። የልጅ ፊት ናፍቆኝ ያውቃል፣ እናቷ ከሄደች ወዲህ ናፍቆት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ አጠገቤ ተቀምጣ ግን ማንም ናፍቆኝ አያውቅም።

ከዚያ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። በጊዜ ሄጄ ከፊት ተቀመጥኩ። ዩኒት ሊደሩ የመጣውንና ያልመጣውን ወላጅ ለመለየት በየልጆቹ ስም እየጠራ ምልክት ያደርጋል። የእኔ ተራ ደረሰና የልጄን ስም ጠርቶ «ወላጅ» አለ። ፊት ለፊቱ ነኝ፣ ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። ዝም አልኩ።

ደግሞ ጠራ። ዝም።

«እናቴ፣ እርስዎን እኮ ነው።»

ጣራውን አየሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ «ኧረ ወዬ በይ፣ ምን ነካሽ!»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ይሁን፣ መጥተዋል» ብሎ ምልክቱን አደረገ።

ይህን ጊዜ ብድግ አልኩ። «አልመጣሁም» አልኩት።

«እንዴት? ይኸው አየሁዎት እኮ!»

«ወዬ አላልኩም። ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ቀሪ ነው፣ ሕጉ ነው ብላችሁኛል። እኔን ያየኝ ዓይን ልጄን ለምን አላያትም?»

አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ምክንያቱን እርስ በርሱ ይነጋገር ጀመር። አንድ አባት «እውነቷን ነው» አለ። የክፍል ኃላፊው ከጎን ተነሣና «ልክ ናቸው፣ ስህተቱ የኔ ነው፤ አስተካክለዋለሁ» አለ። ሰው ፊት እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም፤ ለእሱ ያን ቀን ዱዓ አድርጌለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ስም ሲጠራ ቀና ብሎ እያየ ነው፤ ልጄ ባትመልስም አለች ብሎ ይጽፋል። የሳቁት ልጆች ጉዳይ ግን ያን ቀንም «ይታያል» ነበር።

እንደ ድል አድራጊ ወደ ቤቴ ገባሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ግን ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው። ዓይኗ ከማስኩ በላይ ቀልቷል።

«እማ፣ ስብሰባ ላይ ምን ብለሽ ነው የተናገርሽው?»

«እውነቱን።»

«አሁን ያላወቀው ሁሉ አወቀ! ትንንሾቹ ሳይቀሩ በመስኮት መጥተው ‹ጢም ያላት የቷ ናት?› እያሉ ያዩኛል።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ቀሪ እንዳትባዪ…»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ሁለተኛ እንዳትመጪ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ የፈለግሽው አንቺ ነሽ። እኔ አውቀዋለሁ።»

«የማን ነው?» አልኳት።

በማስኩ ላይ እጇን አደረገች።

«የፊቴ» አለችኝ።

ያን ሁሉ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ የጠየቅሁት ጥያቄ የመጀመሪያ መልሱ ይህ ሆነ። ቦርሳዋን አነሣሁላት፣ አቧራውን አራገፍኩላት። ትምህርት ቤት መሄዴንም አቆምኩ። ስሟን መጥራትም አቆምኩ። መልስ እንደሌለው እያወቁ መጥራት ከባድ ነው፤ ስፈልጋት ቀርቤ ትከሻዋን ነካ አደርጋታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደረግሁ። ለእናቷ ደወልኩና ያለችኝን ነገርኳት። «ጥፋቱ የፊቴ ነው አለች» አልኳት። የሰው ቤት ዕቃ ከጀርባዋ ሲንኳኳ ይሰማኛል። «እሺ እማ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ስትደውል በድምፅ ብቻ ሆነ። «ኔትወርኩ ምስል አይችልም» ትላለች። ልጅቱም አልጠየቀችም። በአንድ ጁምዓ ከአሱር በኋላ አሳ እያጠብኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ፣ በምስል ነው። ልጅቱ ከፈተችው። ስልኩን ወደ ዓይኗ አቅርባ አየችና በድንገት ጮኸች።

«ማሚ! ጢም!»

እጄን ሳልጠርግ ሮጬ አየሁ። የወለድኳት ልጄ ናት። ከንፈሯ ላይ፣ ክሩ ሲያነሣው የኖረው ሁሉ በቅሏል፤ እንደ እኔ፣ እንደ እናቴ።

«ምነው፣ ያስፈራል?» አለች ከወዲያ።

«ለምን ተውሽው?»

«እመቤቴም ይህንኑ ጠየቀችኝ። ‹ምን ሆነሽ ነው?› አለችኝ። ልጄ አላት፣ እኔም ይኑረኝ ብዬ ነው አልኳት። እብድ ናት ብላ ተወችኝ።» ሳቀች። «እስቲ ጨርቁን አውርጂና እንለካካ፤ ከአንቺ ይበልጣል?»

ልጅቱ ወደኔ አየች፣ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ማስኩን በአንድ ጣቷ ወደ አገጯ አወረደችው። ፊቷን አየሁት። ያረቢ፣ ፊቷን አየሁት።

«ስልኩን አቅርቢው፣ አይታየኝም» ትላለች እናቷ። «ወይኔ፣ ገና ነሽ! እኔ እበልጣለሁ!»

«እማ ትበልጣለች» አለች ልጅቱ። ጎትታ አጠገቧ አስጠጋችኝ። እጄ ቅርፊት በቅርፊት ነው፣ ሻሼ ተንሸራቷል። በስልኩ ጥግ ትንሿ መስኮት ውስጥ እኔና እሷ፣ በትልቁ ውስጥ እናቷ፤ ሦስት ከንፈር። ልጅቱ ተራ በተራ አየችን። ጣቷን ሰድዳ የእኔን ሽበት ነካችው፣ ቀጥላ የራሷን።

«የእማ ጥሩ ነው፣ የማሚም ያምራል» አለች።

«ያንቺስ?» አለቻት እናቷ።

ትንሽ አሰበች። «የኔ ገና ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ ማስክ ቀረ። ትምህርት ቤት ግን ያው ነው፤ ጠዋት ከሽቦው አንሥታ፣ ጆሮዋ ላይ አንጠልጥላ ትወጣለች። እኔም አንድም ቃል አልተናገርኩም። ለእኔ አለመናገር ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። አንዳንድ ጊዜ መስታወት ፊት ቆማ ከንፈሯን ወደፊት እያሾለች ታየዋለች። ባለቤቴ ገበያ ላይ ይለኝ የነበረውን ነግሬያት ነበርና አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ አሳው ትንሽ ነው ብሎ ሲከራከረኝ ከጎኔ ሆና «እማ፣ ጢምሽን አሳዪው» አለችኝ በጆሮዬ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ሰውየው ግራ ተጋባ።

አንድ ጠዋት ግቢ ስጠርግ ቀና ብል ማስኩ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል። እሷ ሄዳለች። ረስታው ነው አልኩ። ካለ እሱ በሩ ላይ ስትደርስ የሚሆነውን ሳስብ መጥረጊያውን ጣልኩት። «ሁለተኛ እንዳትመጪ» ያለችኝንም ረሳሁት። ባጃጅ ለምኜ፣ ማስኩን በጡጫዬ ይዤ ደረስኩ። ዘበኛው «እማማ፣ ጠፍተው ከረሙ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታወቀ?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ሰልፉ አልቆ ክፍል ገብተዋል።

በክፍሏ መስኮት በኩል በግድግዳው ጥግ ተጠጋሁ። ስም እየተጠራ ነው። ልጄን ፈለግኋት፤ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ናት። ፊቷ ባዶ ነው። እጇ ከንፈሯ ላይ አይደለም፣ ደብተሯ ላይ ነው። ዓይኗ መሬት አያይም፤ መምህሩን ያያል። ያኔ ረስታው እንዳልመጣች ገባኝ። ማስኩን ወደ ጉያዬ ከተትኩት።

መምህሩ ስሟን ጠራ። እንደ ልማዱ ቀና ብሎ አያትና፣ መልስም ሳይጠብቅ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ዝቅ አደረገ። ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ «አምባዛ» አለ። ሌላው «ብልቅልቅ» ጀመረ።

ልጄ ከተቀመጠችበት ቆመች። ከአምባሰል ጥግ እስከ ጥግ የሚደርሰው፣ እናቴ ካልሰማችው ነጠላዋን አሸርጣ የምትወጣለት ድምፅ፣ ያ በውሃው ላይ ይንሸራተት የነበረው ድምፅ፣ ክፍሉን ሞልቶ በመስኮቱ እኔ ወዳለሁበት ወጣ።

«ወዬ!»